የእናቴ የጥርስ ሳሙና

በእናቴ ተዝካር ማግስት ጉና ሥር ያለውን ቤቷን ስጠርግ፣ ከራስጌዋ ግማሹ ያለቀ የጥርስ ሳሙና አገኘሁ። ክዳኑን ስከፍተው የናናው ሽታ ያው ነው።

ደብረ ታቦር ስማር የመጀመሪያውን ያመጣሁላት እኔ ነበርኩ። ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ ጥርሷን አሟት ጉንጯን ይዛ ተቀምጣለች። "የንስሐ አባቴን ሳልጠይቅ አፌ አላስገባም" አለች። ቄሱ መጡና ምን እንዳለበት ጠየቁኝ።

"የኖራ ድንጋይ ዱቄት አለበት አባ፤ ቆሻሻውን ይፍቃል። አረፋው ያጥባል፣ ፍሎራይዱ ጥርስ ያጠነክራል፣ ናናው ያቀዘቅዛል።"

"ታዲያ ለምን ይጣፍጣል?"

"ሰው እንዲወደው ማጣፈጫ ይጨምሩበታል።"

"ከጣፈጠማ ምግብ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆይ" አሉ።

ቆየች። ሰዓቱ ሲደርስ በጣቴ ቀባሁላት። ዓይኗን ጨፍና "በረደልኝ" አለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ሕመሙ ግን እዚያው ነው።"

ትላንት ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ጠላ ስቀዳ ዋልኩ። ዛሬም እንባ አልመጣልኝም። ከሳሙናው ትንሽ ምላሴ ላይ አደረግሁ። አፌ በረደ፤ ሌላ ምንም አልተሰማኝም። ዓርብ ጠዋት መሆኑ ትዝ ያለኝ ከዋጥኩት በኋላ ነው።