ለዳገት የተቀመጠች እርከን

ኬኔ ነቀምቴ ውስጥ ኮምፒውተር ስትጠግን እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሟት አያውቅም። ሽማግሌው ዴስክቶፓቸውን በጋቢ ጠቅልለው፣ ከአንገር ጉቲን ድረስ ጭናቸው ላይ አቅፈው መጡና «ፍጥነቱን የምጨምረው እኔ ነኝ፤ አንቺ መንገዱን ብቻ አሳዪኝ» አሏት።

ሌላው ጀማሪ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ባንዴ ሽቅብ ይሰቅለዋል። እሳቸው ግን አንዲት የፍጥነት እርከን ይጨምሩና፣ የመኪና ግራሶ ያጠቆረውን እጃቸውን ገልብጠው ሳጥኑን ይዳብሳሉ፤ ጆሯቸውንም ወደ ማራገቢያው ያስጠጋሉ። የሜሞሪውን ፍጥነት ሲነኩ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። ኬኔ ደነገጠች።

«አይዞሽ ልጄ፣ አልሞተም፤ አኩርፎ ነው» ብለው ሳቁ።

ኬኔ የፍጥነቱን ልክ ወደነበረበት ለመመለስ ትንሿን የውስጥ ባትሪ ነቅላ ስትመልሳት ስክሪኑ በራ። እሳቸውም እያፏጩ እንደገና ከታች ጀመሩ።

ኮምፒውተሩ የመጨረሻው እርከን ላይ ሳይንገራገጭ ሲሠራ ኬኔ «ባዬ ጋሪዳ፣ አባባ! በጣም ጥሩ ነው» ብላ አጨበጨበች። ሽማግሌው ግን ጥርሳቸው እስኪታይ ፈገግ እንዳሉ አንዲት እርከን መልሰው ቀነሱ።

«ምነው? ይችል የለም እንዴ?»

«ይችላል። እሷ ለዳገት ትቀመጥ።»

ኬኔ ዓይኗን ዝቅ ስታደርግ፣ ጠረጴዛው ሥር ቀኝ እግራቸው ከነዳጅ መስጫ ላይ እንደሚነሳ የሾፌር እግር ቀስ ብሎ ሲላላ አየች።