ለፈተና የጠጣሁት አብሽ

ልጄ ሰናይት የሥራ ፈተና ደርሶባታል። ትናንት ገላን ኮንዶሚኒየም ቤቷ ስሄድ፣ ለማስታወስ ይረዳል የተባለ ኪኒን ከፊቷ አስቀምጣ ወረቀት ላይ አቀርቅራለች።

«ይሠራል?» አልኳት።

«እንጃ አባባ። ብቻ ስጨነቅ ያነበብኩት ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋብኛል።»

ሳቄ መጣ። እኔም በዚህ መንገድ አልፌያለሁ።

ያኔ አቃቂ በባቡር ፉጨት ነበር የምትነቃው። እኔ ሐዲድ ላይ ድንጋይ የምሸከም የቀን ሠራተኛ ነበርኩ። ባቡሩን ከመስመር ወደ መስመር የሚያዞር ሐዲድ ቀያሪ ሆኖ ለመቀጠር የቃል ፈተና አለ። ፊደል እምብዛም ስለማልዘልቅ የሚጠየቀውን ሁሉ በቃሌ ያዝኩት። ታዲያ የጣቢያው ሹም ፊት ስቆም የያዝኩት ሁሉ ብን አለብኝ።

«ጣቢያዎቹን ከአዲስ አበባ ጀምረህ ጥራ!» ብለው ጮኹብኝ።

«ለገሃር... ዱከም...»

«አንተ! አሁን የቆምክበት ማን ይባላል?»

አቃቂን ዘልዬያታለሁ! የተወለድኩባትን! ሹሙ እየሳቁ አንድ ሳምንት ጨመሩልኝ። ያኔም ከወደቅሁ፣ ዕድሜ ልኬን ድንጋይ ተሸካሚ ሆኜ መቅረቴ ነው።

ጓደኛዬ መርጋ፣ «የቆሎ ተማሪዎች የሚጠጡት አብሾ አለ፤ አንዴ የሰማኸውን አትረሳም» አለኝ። አብሾ ሰው የሚያሳብድ ነገር መሆኑን አላወቅሁም፤ አብሽና አብሾም አንድ መሰሉኝ። በክረምቱ ጭቃ እየተንሸራተትኩ ገበያ ወረድኩና ቅመም ሻጯን እትዬ ዘነቡን አብሽ ጠየቅኋቸው።

«ላራስ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ለራሴ ነው።»

«እሰይ! እንኳን ማርያም ማረቻት!»

ግራ ገባኝ። ምርቃት ግን አይመለስም ብዬ «አሜን» አልኩ። ዱቄቱን ዘፍዝፌ፣ መራራውን ውሃ ደፍቼ፣ አረፋ እስኪያወጣ መትቼ በማር እንድጠጣው ነገሩኝ።

ሰባት ቀን ጠጣሁ። ሆዴ ለሰለሰ። የተቀቀለ በቆሎዬን በልቼ በጊዜ እተኛለሁ፤ ከእንግዲህ መድኃኒቱ ይጨነቅ እንጂ እኔ ምን ቸገረኝ? በፈተናው ቀን ሹሙ ቢጮኹም አልደነገጥኩም። «ለገሃር፣ አቃቂ፣ ዱከም፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት...» እያልኩ እስከ ጅቡቲ ነዳሁት። ተቀጠርኩ!

ላመሰግን እትዬ ዘነቡ ዘንድ ሄድኩ።

«ወንድ ነው ሴት?» አሉኝ።

«ማን?»

«የተወለደው ነዋ! ጡቷስ ወተት ሞላ?»

ለካ የሸጡልኝ ለአራስ ሚስቴ መስሏቸው ነው። ሚስት እንኳ አልነበረኝም! መርጋ ይህን ሰምቶ ዝም ይላል? ሐዲድ ላይ ባየኝ ቁጥር «እመጫቷ፣ ወተቱ እንዴት ነው?» ይለኝ ነበር።

አብሹ ለጭንቅላት ይሁን ለሆድ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። እኔን ያዳነኝ እንቅልፉና አለመፍራቱ ይመስለኛል።

የሰናይት ፈተና ነገ ነው። ዛሬ ገና ሳይመሽ ወረቀቷን ሰብስቤ ወሰድኩባት። ተቆጣች።

«አባባ፣ ከወደቅሁስ?»

«አንቺ ተኚ፤ ጭንቀቱን ለእኔ ተይው» አልኳት። «ጡረተኛ ነኝ፣ ሌላ ሥራ የለኝም።»