ቀዩ ክንፍ

ወንድሜ ሳምሶን ሞተር በሌለው ክንፍ ከኮረብታ እየተንደረደረ እንደሚበር ከቤታችን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እማዬ ከሰማች በድንጋጤ ትሞትብናለች ብለን ላንነግራት ተማምለናል። በዘጠናዎቹ፣ አንድ የበጋ ቅዳሜ፣ ሳምሶን “የሥራ ሺፍት አለኝ” ብሎ ቁርስ ሳይቀምስ ወጣ። ወዲያው እማዬ ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ መጣችና፣ “እነዚያን የሚበሩ ሰዎች አሳየኝ እስቲ” አለችኝ። ምን ሰበብ ልፍጠር? ከምንኖርባት ከተማ ከካልጋሪ ወጣ ብሎ ካለው ኮረብታ ግርጌ መኪናውን ፓርክ አደረግኩ።

ከጫፉ ላይ ቀይ ክንፍ ተነሳ። የሳምሶን ነው።

“ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?” አለች።

“ፈረንጅ ነው፣ እማዬ።”

“ፈረንጅስ ቢሆን እናት የለውም?”

ነፋሱ ክንፉን ወደ ዛፎቹ ገፋው። እማዬ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። “ገብርኤል፣ አንተ ደግፈው!”

አሜን አልኩ፣ ከልቤ።

ክንፉ ዛፎቹን ለጥቂት ስቶ ሣሩ ላይ በሰላም አረፈ። ሁለታችንም እኩል ተነፈስን። ሳምሶን ሄልሜቱን ሳያወልቅ እናምልጥ ብዬ እማዬን ወደ መኪናው ጎተትኳት።

“ቆይ፣ ወዴት ነው?” አለችና ምሳ ዕቃውን አስታቀፈችኝ። “ሂድ ስጠው። ሳይበላ ነው የወጣው።”