ጥላ የለመደው አረንጓዴ ውሃ

ነገሩ የተጀመረው ሞጣ ባዮሎጂ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ ነው። አልጌዎች፣ የቆመ ውሃን አረንጓዴ የሚያደርጉት እነዚያ ደቃቅ ፍጥረታት፣ ብርሃን ሲያንሳቸው ክሎሮፊላቸውን ያበዛሉ፣ ብርሃን ሲበዛባቸው ደግሞ ይቀንሱታል ብዬ አስረዳሁ። ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ተገላብጦብዎት እንዳይሆን። ጥላ ውስጥ ያለ ነገር ይገረጣል እንጂ እንዴት ይጠቁራል?»

«አልተገላበጠም።»

«አይተውታል?»

አላየሁትም። ዩኒቨርሲቲም ያጠናሁት ከመጽሐፍ ነው። «አሳያችኋለሁ» አልኩ፤ መዘዜም ከዚያች ቃል ጀመረ።

የትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ተቆልፏል። ቁልፉን የያዘው ሰው ስልጠና ሄዷል፤ መቼ እንደሚመለስ የሚነግረኝ አጣሁ። በተከራየኋት ክፍል ልሞክረው ብዬ ቅዳሜ ወላጆቼ ዘንድ ቢቸና ወረድኩ። ከጣራው አሸንዳ ሥር ያለው በርሜል ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው። በሃይላንድ ስቀዳ አባቴ ቆሞ አየኝ።

«ሞጣ ውሃ ጠፋ እንዴ?»

«ለትምህርት ነው፣ አባባ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ የበርሜል ቆሻሻ እንድትቀጂ ነው?»

በመመለሻዬ ደግሞ የሚኒባሱ ረዳት ቤንዚን መስሎት ካላሸተትኩ ብሎ ድርቅ አለ። አሸተተና ፊቱን አጨማደደ።

ውሃውን በጠርሙስ በጠርሙስ ከፋፍዬ ግማሹን ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ፣ ግማሹን ደብዛዛ ብርሃን ብቻ በሚደርስበት በቁም ሳጥኑ ጎን አስቀመጥኩ። አከራዬ ደግ አሮጊት ናቸው፤ ክፍሌን ሳልኖር ገብተው ይጠርጉልኛል። እንዳይነኩብኝ ነገርኳቸው። ጥቂት ቀን ቆይቼ ከሥራ ስመለስ ጠርሙሶቹ ባዶአቸውን ተደርድረው ያብለጨልጫሉ።

«ሽታው ቤቱን ሊይዘው ነበር፣ ልጄ። ደፍቼ በአመድ አጠብኩልሽ።»

ጠርሙስ ባጠበልኝ ሰው ላይ እንዴት ብዬ ልቆጣ? ጥርሴን ነክሼ አመሰገንኩ።

እንደገና ቢቸና። አባቴ በዚህኛው ጊዜ እኔን ትቶ እናቴን «ይቺ ልጅ ደህና ናት?» ብሎ ሲጠይቃት ሰማሁት።

ሁለተኛው ሙከራ ያዘልኝ። በጥላ የቆየው ውሃ እንደ ጎመን ጠቆር አለ፤ የመስኮቱ ወደ ቢጫነት ያዘነበለ ፈዛዛ አረንጓዴ ሆነ። ብቻዬን ሳቅሁ። ነገ ከሰዓት ክፍል እወስዳለሁ ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ ለምሳ ስመጣ ከጥላው ጠርሙሶች ከአንዱ በቀር ሁሉም ግቢው መሃል በቀትር ፀሐይ ላይ ተሰጥተዋል፤ ውሃቸው ነጣ ብሏል።

«እማማ! ምን አደረጉ?»

«ጥግ ውስጥ ታፍነው አሳዘኑኝ። ፀሐይ ማን ይጠላል?»

እየተንተባተብኩ ማስረዳት ያዝኩ። በደብዛዛ ብርሃን የኖሩት ያችን ጥቂት ብርሃን ለመልቀም ብዙ ክሎሮፊል ሠርተዋል። ድንገት ቀትር ላይ ሲወጡ ያው መሣሪያቸው ሊጠቀሙበት ከሚችሉት በላይ ብርሃን ይሰበስብና ራሱን ይጎዳል። ክሎሮፊላቸውን ለመቀነስ ቀናት ያስፈልጋቸዋል።

«ታዲያ አይንኩ ብትይኝ ኖሮ!» አሉ።

ብያቸው ነበር። ከአንድም ሁለቴ።

የሆነው ሆኖ የመስኮቱን፣ የተረፈውን ጥቁሩንና የተቃጠለውን ይዤ ክፍል ገባሁ። ተማሪዋ ጠርሙሶቹን ወደ ብርሃን እያነሳች መረመረች።

«ይሄ የነጣው የፀሐዩ ነው?»

«አይደለም። እሱ አከራዬ አዝነውለት ከጥላ ያወጡት ነው።»

ክፍሉ በሳቅ አወካ። እሷ አልሳቀችም።

«ቀስ ብለው ቢያወጡት ኖሮ ይለምድ ነበር?»

«ይለምድ ነበር።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አልሞከሩትም?»

ጥቁሩን ጠርሙስ አንስቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩት። «አንቺ ሞክሪው» አልኳት፤ ድምፄ ከፈለግሁት በላይ ጠነከረ።

ወሰደችው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ደጃፉ እያስጠጋች ቆይታ በመጨረሻ ሙሉ ፀሐይ ላይ አወጣችውና መልሳ አመጣችልኝ። ፈዞ ነበር፤ ግን አረንጓዴ፣ በሕይወት ያለ። በደስታ ልተነፍስ ስል አፏን ከፈተች።

«ቲቸር፣ አሁን መልሼ ጥላ ባስገባው እስኪጠቁር ስንት ቀን ይፈጅበታል?»