የአቦምሳ ጥሪ የወረደበት ሳምንት

ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስልክ ጣቢያዎች የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀኛል። የማያውቀኝ ካለ አዲስ ገቢ ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋረጥኩ፤ ከዚያ በኋላ አስተማሪዬም ፈታኜም እኔው ነኝ። በዚያ መስመር የጥሪ ብዛትን በቁጥጥር ቻርት መከታተል የጀመርኩት እኔ በቀለ ነኝ። ቀድሜሃለሁ የሚል ካለ ቻርቱን ያምጣ። ዛሬ በማኅበራዊ ሚዲያ ላይክና ኮሜንት የምትቆጥሩ ወጣቶችም ብትሆኑ ሥራችን አንድ ነው፤ እኔ ግን በደርግ ጊዜ፣ በእርሳስና በማስመሪያ ሠርቼዋለሁ።

ያኔ ናዝሬት በምትባለው አዳማ ጣቢያ የገባሁ ቀን የፈረቃ ኃላፊው አቶ ግርማ ስዊችቦርዱ ፊት አስቀመጡኝና፣ «ሰው ሲያወራ አትስማ፣ ገመድ አትሳሳት፣ ሌላው ይደረስበታል» አሉኝ። ገመድ እየሰኩ ከተማን ከከተማ ማገናኘቱን ወዲያው ለመድኩት። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ፈረቃ ሲያልቅ የየከተማው ጥሪ ይቆጠራል፤ ቁጥሩ አንድ ቀን ይወጣል፣ አንድ ቀን ይወርዳል። አቶ ግርማም ሲወርድ ይቆጣሉ፣ ሲወጣ ያመሰግናሉ። ለምን ወጣ፣ ለምን ወረደ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የዚህን መላ ያገኘሁት በጓደኛዬ በገመቹ በኩል ነው። ገመቹ በአንድ ስኳር ፋብሪካ የጥራት ክፍል ይሠራ ነበር። አንድ እሁድ «አካም ጅርታ፣ የሽቦው ጌታ!» እያለ ቤቴ ገባና በሚሊሜትር ወረቀት የተሠራ ቻርት አሳየኝ። መሐል ላይ የአማካይ መስመር፣ ከላይና ከታች የወሰን መስመሮች አሉት። በወሰኖቹ መካከል የሚዋዥቅ ነጥብ የተለመደ ነው። ከወሰን የወጣ ነጥብ ምክንያት አለው። ከወሰን ባይወጡም ሰባት ነጥቦች በተከታታይ ከአማካዩ በታች ከዋሉ፣ ነገሩ ከሥሩ ተለውጧል ማለት ነው።

«ይሄ ለስኳር ነው» አለኝ።

«ለሰውም ይሆናል።»

«ሰው እንደ ስኳር ይመዘናል እንዴ?»

«አይመዘንም፤ ይቆጠራል።»

ሳቀብኝ። ብዙም ሳይቆይ ግን የየከተማው ቻርት በጣቢያው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። የገበያ ቀንንም ለብቻው ሠራሁት፤ ከሌላው ቀን ጋር ከቀላቀላችሁት ያሳስታችኋል። ይህ የገመቹ ሳይሆን የራሴ ሐሳብ ነው።

አንድ ሳምንት የአቦምሳ ነጥቦች ቁልቁል ወረዱና በዚያው ቀሩ። አቶ ግርማ «ልጅቷ ሰንፋለች» አሉ። ልጅቷ የአቦምሳ ጣቢያ ኦፕሬተር ዘሃራ ናት። ወሬው ከአውራጃው ካድሬ ጆሮ ሲደርስ ስንፍናው «የኢኮኖሚ አሻጥር» ተባለ። በዚያን ጊዜ ይህ ቃል የተለጠፈበት ሰው ከሥራ ተባርሮ ብቻ አይቀርም፤ ይታሰራል።

ዘሃራ በመስመር ጠራችኝ። «ጋሼ በቀለ፣ ሰኞ ናዝሬት ቅረቢ ተብያለሁ። እኔ ምን ላድርግ? ጠዋት ጠዋት ጥሪ የሚያስይዝ ሰው ጠፋ!»

«እኔ እያለሁ ታለቅሻለሽ?» አልኳት።

ጠዋት ማለቷ ከነከነኝ። የጠዋቱንና የከሰዓቱን ጥሪ ለያይቼ ቻርት ሠራሁ። ከሰዓቱ እንደ ወትሮው ነው፤ የወደቀው ጠዋቱ ነው። ይህ ብቻውን ግን አያድናትም፤ «ጠዋት ትተኛለች» ይሏታል። ስለዚህ የመቂንና የአርሲ ነጌሌን ጠዋት አወጣሁ። ዓይኔን አላመንኩም! በዚያው ሳምንት ሁለቱም እኩል ወርደዋል! የማይተዋወቁ ሦስት ኦፕሬተሮች በአንድ ሳምንት ተነጋግረው አይሰንፉም። ከወንበሬ ብድግ ብዬ ስጮህ ባልደረቦቼ «ኤሌክትሪክ ያዘው እንዴ?» ብለው ደነገጡ።

ከእነዚያ ከተሞች በጠዋት የሚደውለው የእህል ነጋዴ ነበር፤ «ዛሬ በቆሎ ስንት ገባ?» ለማለት። በዚያ ሳምንት ደግሞ መንግሥት የእህል ዋጋ ቆርጦ ወሰነ። ታዲያ ነጋዴው ምን ብሎ ይጠይቅ? መልሱ ይኸው ነው። ግን ለካድሬ «ውሳኔያችሁ ገበያውን አቀዘቀዘው» ብል ከዘሃራ ጎን የምታሰረው እኔ ነኝ።

ሰኞ ናዝሬት ጣቢያ ካድሬው ከአቶ ግርማ ጎን ተቀምጧል፤ ዘሃራ የሻሿን ጫፍ ይዛ ቆማለች። የሦስቱን ከተሞች የጠዋት ቻርቶች ሰቀልኩ።

«ጓድ፣ ይህ ድል ነው» አልኩ።

«የምን ድል?»

«ነጋዴው በየጠዋቱ እየደወለ ዋጋ የሚያስወድድበት ጥሪ በሦስት ከተማ ባንድ ጊዜ ቆመ። የዋጋው ውሳኔ ሥራ ላይ ሲውል በዓይንዎ ይዩት!»

ካድሬው ተነሥቶ ነጥቦቹን በጣቱ ተከተለ። «ይህ ሁሉ በእኛ ውሳኔ?»

«ያውም በአንድ ሳምንት።»

«ልጅቷስ?»

«የሆነውን በታማኝነት የመዘገበች ናት።»

«ታዲያ ምን ያስቆማታል?» ብሎ አቶ ግርማ ላይ ጮኸ። «ወደ ሥራዋ ትመለስ!» ቻርቶቼን ለሪፖርቱ ጠቅልሎ ወሰደ። አልመለሰልኝም።

ደጅ ስንወጣ ዘሃራ «ጋሼ፣ እውነት ድል ነው?» አለችኝ።

«መውረዱ እውነት ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ» አልኳት። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ካወቃችሁኝ አይቀር የሠራሁትንም እወቁ። የቁጥጥር ቻርትን ከስኳር ወደ ስልክ አመጣሁ። የገበያ ቀን የራሱ ወሰን እንዲኖረው አደረግሁ። ወሰን አወጣጥ ያስተማርኳቸው ኦፕሬተሮች ኋላ ኃላፊዎች ሆኑ። የሻሸመኔን መስመር ብልሽት ከቴክኒሻኑ ቀድሜ ከቻርት ላይ አየሁ። አቶ ግርማን እንኳ ቁጥር ሲወርድ ሰው ከመክሰሳቸው በፊት የጎረቤት ከተማውን ቁጥር እንዲጠይቁ አስለመድኩ። ዘሃራም ጡረታ እስክትወጣ አቦምሳ ጣቢያ ሠራች።