በራሷና ብቻዋን

ሥራ የጀመርኩበት ቢሮ በቅድስቲቱ ከተማ ከኢትዮጵያ ጎዳና ዝቅ ብሎ፣ የሐበሻው ቤተ ክርስቲያን ደወል የሚሰማበት ፎቅ ላይ ነበር። ዘመኑ ዘጠናዎቹ ነው። አለቃዬ ሩት የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበረች። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች እያየች፣ ለእያንዳንዱ ምን ዓይነት ድጋፍ እንደሚያስፈልገው ለሚወስነው ኮሚቴ ታቀርባለች። እኔን የቀጠረችኝ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆችን እንድጠይቅ ልታሠለጥነኝ ነው። «ዛሬ ማየት ብቻ፤ አፍሽን ያዢ» አለችኝ። አፍ መያዝ አልፈጠረብኝም፤ ቢሆንም ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

ከቂርያት ሃዮቨል ሰፈር ወይዘሮ አዛለች የሰባት ዓመት ልጃቸውን ትርንጎን ይዘው መጡ። አስተርጓሚዋ ኦርሊ ውትድርናዋን ገና መጨረሷ ነው። እዚሁ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ከእናቷ ጋር ለመጨቃጨቅ ያህል ይበቃት ነበር።

ሩት በዕብራይስጥ ጠየቀች፤ ኦርሊ አስተረጎመች። «ትርንጎ ብቻዋን ትበላለች?»

ወይዘሮ አዛለች ደነገጡ። «ብቻዋን? ምን በድላ! እኔ እያለሁላት?»

«ሎ» አለች ኦርሊ፤ አትበላም ማለቷ ነው።

«ብቻዋን ትታጠባለች?»

«እህቶቿ የት ሄደው?»

«ሎ።»

«ብቻዋን ትተኛለች?»

«እግዚኦ! ልጅ ብቻውን ይተኛል እንዴ?»

ሦስተኛው «ሎ» ሲመጣ የሩት ፊት ጠቆረ። እንዲህ ከሆነ ልጅቷ ሌት ተቀን ሰው ትፈልጋለች፤ ከከተማ ውጪ ያለ ፕኒሚያ ሳይሻላት አይቀርም አለች። ፕኒሚያ ብዙ ልጆቻችን ከወላጆቻቸው ተለይተው የሚገቡበት አዳሪ ቤት ነው። ከአገር ቤት የመጣ ወላጅ ዕብራይስጥ ባይችል እንኳ ይህችን ቃል ያውቃታል። ወይዘሮ አዛለች ልጃቸውን ስበው ጉያቸው ውስጥ ሸጎጧት።

«ልትነጥቁኝ ነው የጠራችሁኝ?»

አላስቻለኝም። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምግብ ሲቀርብ ያጎርሷታል ወይስ በእጇ ትበላለች?»

«በእጇ ነዋ! እንዲያውም እኔን የምታጎርሰኝ እሷ ናት።»

ለሩት አስረዳኋት። በዕብራይስጥ «ለቫድ» ሁለቱንም ይይዛል፤ በእኛ ግን «በራሷ» ሌላ፣ «ብቻዋን» ሌላ ነው። ብቻዋን ትበላለች ማለት ሰው የጣላት ልጅ ናት እንደማለት ነው። ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል የሚል ሰው ዘንድ ይህን መጠየቅ ስድብ ነው።

ኦርሊ አፏን በእጇ ያዘች። «ለካ እናቴ ለቫድ መኖር እፈልጋለሁ ስላት ያለቀሰችው ለዚህ ነው!»

ሩት እፎይ ብላ ሳቀች። «አፍሽን ያዢ ያልኩሽን ተይው። ከመጀመሪያው እንጀምር።»

እንደገና ስንጠይቅ ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ አልተገኘም። ትርንጎ በራሷ ትለብሳለች፤ ቁልፉን የሚቆልፍላት ግን ሌላ ሰው ነው። የፈላ ውሃ አያስፈራትም፤ መንገድ ስትሻገር መኪና አታይም። ከቤቷ እየተመላለሰች ልዩ ትምህርት ቤት እንድትማር፣ መጓጓዣና ረዳት እንዲመደብላት ተወሰነ። ወይዘሮ አዛለች ውሳኔውን የሰሙ ዕለት ደረጃው ላይ አገላብጠው ሳሙኝ። እኔም አውቶቡስ ውስጥ እንደ ጅል ፈገግ እያልኩ ቤቴ ገባሁ።

ትርንጎን በየዕድሜዋ ደረጃ እንደገና አየናት። በሰባት ዓመቷ ጥያቄው የልብስ ቁልፍ ነበር፤ ባሥራ ሦስት ዓመቷ አውቶቡስና የወር አበባ ሆነ። ሰው ሲያድግ ድጋፉ የሚቀንስ ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን አውቶቡስ መሳፈር እስክትለምድ ድረስ አብሯት የሚመላለስ ሰው ተጨመረላት። እኔም ስጠይቃት ሁልጊዜ «በራስሽ ነው ወይስ ከሰው ጋር?» እላት ነበር።

በሃያ አንድ ዓመቷ አረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ውስጥ አትክልት ታጥባለች። ቃታሞኒም ሰፈር ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር፣ በየቀኑ ረዳት በምትመጣበት ቤት መኖር እንደምትፈልግ ራሷ ነገረችን። ለዚያ ውሳኔ እናትና ልጅ እንደ ድሮው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወይዘሮ አዛለች አርጅተዋል።

«እኔ በሕይወት ሳለሁ ብቻዋን ልትኖር?» ብለው አለቀሱ።

መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት ትርንጎ ቀደመችኝ። የእናቷን እጅ ያዘችና «እማዬ፣ ብቻዬን አይደለም። በራሴ ነው» አለች።

ወይዘሮ አዛለች እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «እሺ። ሰንበት ሰንበት ግን እኔ ዘንድ ነሽ። ማን ያጎርሰኛል?» አሏት።

ለአዳዲሶቹ ሠራተኞች የምነግራቸው አጭር ነው። ልጁ ምን እንደሚችል ከመወሰናችሁ በፊት፣ እናቱ የሰማችው ጥያቄ እናንተ የጠየቃችሁት መሆኑን አረጋግጡ።