ነጠላ ጫማ የያዘችው ሴት

የጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ጠባቂው ከጠዋት ጀምሮ ዓይኑን ከአንዲት ሴት ላይ መንቀል አቅቶታል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ ትልና ማንም ሳይጠራት መልሳ ቁጭ ትላለች። በፌስታል የወንድ ነጠላ ጫማ ይዛለች። አንገቷ ላይ በክር ያንጠለጠለችውን የቤት ቁልፍ ከመጨበጧ ብዛት ጥርሱ መዳፏ ላይ ታትሟል።

ነርሷ ብቅ ብላ፣ "የመምህሩ ቤተሰብ የት አለ?" ስትል ሴትዮዋ ወደ በሩ ተጠጋች።

"ምናቸው ነሽ?" አላት ጠባቂው። "ከቤተሰብ በቀር አይገባም።"

"ሃያ ሁለት ዓመት የቤት ሠራተኛቸው ነኝ። ሌላ ሰው የላቸውም። ግሪክኛ ነው የሚያስተምሩት። 'የጥንት ግሪኮች ቤተሰብን ኦይኮስ ይሉት ነበር፤ ቤት ማለት ነው። በአንድ ጣራ ሥር የሚኖር ሁሉ፣ ሠራተኛም ቢሆን፣ እዚያው ውስጥ ይቆጠራል' ይሉኝ ነበር።"

ስንቱን "የአክስት ልጅ ነኝ" ባይ ሲመልስ የኖረውን ጠባቂ አንጀቱን በላችው። በሩን ወለል አድርጎ፣ "ግቢ እህቴ" አላት።

እሷ ግን ቁልፏን እንደጨበጠች ደጃፉ ላይ ደርቃ ቀረች።

"ወንድሜ፣ እሳቸው አንድ ነገር ከሆኑኮ ቤቱ ይዘጋል" አለችው በሹክሹክታ። "ከዚያ እኔ የማን ነኝ?"